በሰው ልክ የተሰፋ ገጽ

በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ የደረሰው ሰው ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ ልብሱን እንደ ቁመናው ያሳጥረዋል፣ ያሰፋዋል፤ ወይ አልሆነኝም ብሎ ይመልሰዋል። ልብሱን እንዳለ ትቶ እጁንና እግሩን ለመቁረጥ የሚነሣ ጤነኛ የለም። በአማርኛ በሚዘጋጁ የጋራ ገጾች ላይ ግን ይኸው የመጨረሻው ነገር ሲፈጸም አያለሁ። ጽሑፉ የሚያርፍበት ቅጽ ከእንግሊዝኛ ይመጣል፤ በላዩ ያሉት ጥቂት ቃላት ወደ አማርኛ ይመለሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ስማችን፣ ዘመናችን፣ ሰፈራችንና ፊደላችን በቅጹ ልክ ይከረከማሉ። ይህንንም ‹አማርኛ አደረግነው› እንለዋለን። እኔ ይህን አባባል አልቀበለውም፤ የማልቀበልበትንም ምክንያት አንባቢ ይፈርድ ዘንድ በዝርዝር አቀርባለሁ።

ነገሩ ላልቀረበው ሰው ከሥሩ ላስረዳ። ዊኪ ማለት ብዙ ሰዎች በአንድነት የሚጽፉት፣ የሚያርሙትና የሚያሻሽሉት የገጾች ስብስብ ነው። ቃሉ የሃዋይ ቋንቋ ሲሆን ትርጉሙ ‹ፈጣን› ነው፤ የመጀመሪያውን ዊኪ በ1987 ዓ.ም. ያቆመው አሜሪካዊው ዋርድ ከኒንግሃም ነበር። ውክፔዲያ በጥር 1993 ዓ.ም. ተከተለ። ዛሬ ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ የሥራ ቡድኖች መመሪያቸውንና ማስታወሻቸውን በእንዲህ ያለ ገጽ ላይ ያኖራሉ። ውክፔዲያን የሚያንቀሳቅሰው ሚዲያዊኪ የተባለው ሶፍትዌር ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ለገጽ ቅጾች የተለየ ክፍል አለው። እንግሊዝኛው ቴምፕሌት ሲለው የአማርኛው ውክፔዲያ መለጠፊያ ብሎታል። የመለጠፊያው ስም በጥምዝ ቅንፎች ውስጥ ሲጻፍ ቅጹ በገጹ ላይ ይወጣል። አንድ መለጠፊያ ያረመ ሰው መለጠፊያውን የሚጠሩትን ገጾች ሁሉ በአንድ ጊዜ ያርማል፤ ያበላሸም እንዲሁ በአንድ ጊዜ ያበላሻል።

መለጠፊያ የሚለው ስም ራሱ ያሳሳተን ይመስለኛል። የሚለጠፍ ነገር ሥራው ካለቀ በኋላ ከላይ የሚደረግ ጌጥ ወይም ምልክት ነው፤ ቢነሣም ዕቃው ዕቃ ነው። ይህ ግን ጌጥ አይደለም፤ ጽሑፉ ሳይጻፍ ቀድሞ የሚወሰን ልክ ነው። ስለ አንድ ሰው ምን እንደሚጠየቅ፣ የትኛው እንደሚቀድም፣ የትኛው ጨርሶ እንደማይጠየቅ የሚወስነው እርሱ ነው። ብልሃተኛ ጸሐፊ እንኳ ቢሆን ያልተጠየቀውን ለመመለስ ቦታ አያገኝም።

እኔ በባንክ ቤት መስኮት ጀርባ ተቀምጬ እንጀራዬን የምበላ፣ ማታ ማታ ግጥም የምሞካክር ሰው ነኝ። የቅጽን ኃይል ያስተማረኝ ያ መስኮት ነው። ደንበኛው ቅጽ ይሞላል፤ ቅጹ የሚጠይቀው ነገር በሕይወቱ ውስጥ ከሌለ ሣጥኑን ባዶ ይተወዋል። ያን ጊዜ ወረቀቱ ይመለስበታል፤ አልተሟላም ይባላል። ልብ በሉ፤ ጎደሎ የሚባለው ሰውዬው እንጂ ቅጹ አይደለም። ቅጽ ከሰው ጋር በተጣላ ጊዜ ሁሉ የሚፈረድበት ሰው ነው። የእኔ ክርክር ከዚህ አይርቅም፤ ቅጽና ሕይወት ሳይስማሙ ሲቀሩ ጥፋተኛው ቅጹ ነው፤ መታረም ያለበትም እርሱ ነው።

ከዚሁ ከሥራዬ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ቡድናችን የሥራ መመሪያዎቹን የሚያኖርበት ዊኪ አለው፤ የገጾቹ ቅጽ ከውጭ እንደ መጣ እንዳለ የተቀመጠ ነው። አንድ አዲስ የአገልግሎት ተመን ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ ይጸናል ለማለት በቀኑ ሣጥን 1/11 ተብሎ ተጻፈ። የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን እንደሚጀምር በባንክ ቤት የማያውቅ የለም፤ ሐምሌም አሥራ አንደኛው ወር ነው። ሣጥኑ ግን ይህን አያውቅም። የፈረንጆች ኖቬምበር 1 ነው ብሎ አነበበው፤ ዓመቱንም ከራሱ ሞላው። ገጹን ያነበበ አዲስ ሠራተኛ ተመኑ ገና አራት ወር ያህል ይቀረዋል ብሎ ደንበኛውን በአሮጌው አስከፈለ፤ ደንበኛውም በግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አዲስ ተመን እያሳየ ጮኸ። በማግስቱ የወጣው ማሳሰቢያ ሠራተኞች ቀን ሲጽፉ እንዲጠነቀቁ የሚያዝ ነበር። ሣጥኑን ያረመ የለም።

እንግዲህ ከስም እንጀምር። በየቡድኑ ዊኪ የሚመጣው የሰው መግለጫ ቅጽ የመጀመሪያ ስምና የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም፤ ያለው የአባት ስም ነው፤ እርሱም የአባትዬው እንጂ የልጁ አይደለም። የፍቅር እስከ መቃብርን ደራሲ ሀዲስ ዓለማየሁን ‹ዓለማየሁ› ብሎ የሚጠራ ቢኖር ዞር የሚሉት አባትዬው ናቸው። ይህ ብቻ ቢሆን በቀለለ። ፈረንጆች ስምን ገልብጠው በመጨረሻው ቃል የመደርደር ልማድ አላቸው፤ ይህ ትእዛዝ ከቅጹ ጋር ሳይመረመር ሲመጣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ከ‹መ› ሥር ይሰለፋል። መድኅን የጸጋዬ ስም አይደለም፤ የአባቱም አይደለም፤ የአባቱ ስም ግማሽ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ከ‹ሥ› ሥር ይገባሉ። ከተማሪዎቻችን አንዱ ኅሩይን ፈልጎ ሲያጣ ሰውዬው አልተጻፈላቸውም ይላል እንጂ መደርደሪያው ተሳስቷል አይልም።

በዚህ ነገር የሚያስቀናው የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ነው። ስለ ኢትዮጵያውያን በሚተርኩ ብዙ ገጾቹ አናት ላይ፣ ሁለተኛው ስም የአባት ስም መሆኑንና ሰውዬው በራሱ ስም መጠራት እንዳለበት የሚያስገነዝብ መለጠፊያ ያስቀምጣል። ባዕድ ለእኛ ስም ሲል ቅጹን አርሟል፤ እኛ ግን የእርሱን ያልታረመ ቅጽ ተሸክመን ስማችንን እናርማለን።

የቀሩትም የስም ወጎቻችን ቦታ የላቸውም። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ናቸው። የፈረስ ስም የማዕረግና የጀግንነት ስም ነው፤ ግጥሙም ፉከራውም የሚጠራቸው በእርሱ ነው። በተቀዳው ቅጽ ላይ የሚቀርበው ሣጥን ‹ቅጽል ስም› የሚለው ነው፤ አባ ዳኘውም የሰፈር ኳስ ተጫዋቾች ቅጽል ስም ከሚጻፍበት ቦታ ይቀመጣሉ። ብላቴን ጌታን፣ ቀኝ ጌታን፣ ፊታውራሪን የሚቀበል ሣጥን ሲጠፋም ማዕረጉ ከስሙ ጋር ተጣብቆ የመጀመሪያ ስም ይሆናል።

ወደ ዘመን እንለፍ። ሚዲያዊኪ ቀንን አስልቶ የሚያወጣ ቀመር አለው። ይህ ቀመር የዕብራውያንን፣ የኢራንን፣ የሂጅራን፣ የታይላንድን፣ የታይዋንንና የጃፓንን አቆጣጠር ያውቃል፤ የኢትዮጵያን አያውቅም። ለቋንቋዎች ሁሉ መረጃ እንዲያጠራቅም በ2005 ዓ.ም. የተጀመረው ዊኪዳታም ቀንን የሚያኖረው በጎርጎርዮስ ወይም በዩልዮስ አቆጣጠር ነው። ስለዚህ ቀኑን ከዚያ የሚቀዳ መለጠፊያ በአማርኛ ገጽ ላይ ሲቀመጥ፣ ጽሑፉ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ ሲል ከጎኑ ያለው ሣጥን ደግሞ 1930 ይላል። የማን ዘመን እንደሆነ የሚገልጽ ምልክት ከሌለው ልጆች ከሁለቱ አንዱን ውሸት አድርገው ያድጋሉ።

አንዳንዱ ‹ስምንት ቀንሶ መጻፍ ነው› ይላል። ይህን የሚል ሰው በቅጹ ላይ ሲሾም ጥፋቱ ይበዛል። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በፈረንጆች 1896 ነው፤ ልዩነቱ ስምንት። የንግሥናው በዓል ግን 1923 እና 1930 ነው፤ ልዩነቱ ሰባት። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን የወረዱበት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በፈረንጆች 1974 ነው፤ አሁንም ሰባት። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆች ዓመት ማለቂያ ልዩነቱ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ይሆናል። ስምንትን ብቻ የሚቀንስ መለጠፊያ በየዓመቱ ወደ አራት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ይዋሻል፤ እርሱን በሚጠሩት ገጾች ሁሉ ላይ ይዋሻል።

ጳጉሜንስ? የወር ዝርዝሩ አሥራ ሁለት ነው። አምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴም ስድስት ቀን ያላት አሥራ ሦስተኛዋ ወር የምትገባበት በር የለም። ጳጉሜን 3 ቀን የተወለደ ሰው በቅጹ ዓለም አልተወለደም። ይህን ማስላት የማይቻል ሆኖ አይደለም፤ ዛሬ በየስልካችን ላይ ያሉት ብራውዘሮች የኢትዮጵያን አቆጣጠር የሚያወጣ ስሌት በውስጣቸው ይዘው ይመጣሉ። የዕብራውያንና የኢራን ቀመርም ከሰማይ አልወረደም፤ ሰው ጽፎት ነው።

ሦስተኛው ነገር ቦታ ነው። የምኖረው ጉርድ ሾላ ነው። ስለ ጉርድ ሾላ ለመጻፍ ከእንግሊዝኛ የተቀዳውን የመኖሪያ ቦታ ቅጽ የከፈተ ሰው ከንቲባውን፣ የሕዝቡን ብዛት፣ የቆዳ ስፋቱን፣ የፖስታ መለያ ቁጥሩን ይጠየቃል። ጉርድ ሾላ ከንቲባ የለውም፤ ሰፈር ነው። ስሙ የተጎረደ የሾላ ዛፍ ያነሣል፤ ከመገናኛ ወደ ሲ.ኤም.ሲ. የሚሄድ ሁሉ ያውቀዋል፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡርም ሁለት ጣቢያዎቹን ጉርድ ሾላ ብሎ ጠርቷቸዋል። ይህ ሁሉ ዕውቀት ለቅጹ ምንም ነው። ገጹ ሲከፈት የሚታየው የባዶ ሣጥኖች ተርታ ነው፤ አንባቢውም ጉርድ ሾላ የጎደለው ሰፈር ነው ብሎ ያልፋል። ጉርድ ሾላ የጎደለው ነገር የለም፤ ቅጹ ነው ሰፈር ማለት ምን እንደሆነ የማያውቀው።

ቁጥርና አስተዳደር ይለዋወጣል። ቀበሌ የነበረው ወረዳ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ለሚ ኩራ ከየካና ከቦሌ ተቀንሶ አሥራ አንደኛው ክፍለ ከተማ ሆነ። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሰፈር ስም ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ገጹን በወረዳ ቁጥር ላይ የሚያቆም ቅጽ በየጊዜው ይፈርሳል፤ በሰፈር ስም ላይ የሚያቆም ግን ይጸናል፤ አስተዳደሩንም ከነዓመተ ምሕረቱ እንደ ታሪክ ይመዘግባል። ቀና ብለን ከወደ ሰሜን የምናየውን እንጦጦንስ ምን እናድርገው? ቅጹ ‹ተራራ ነው ወይስ ከተማ?› ብሎ ያፋጥጣል። እንጦጦ ተራራ ነው፤ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ በፊት የምኒልክ መቀመጫ ነበር፤ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ የጫኑትም በእንጦጦ ማርያም ነው። የተራራውን ቅጽ የመረጠ ከፍታውን ያገኛል፤ ዘውዱን ያጣል።

አራተኛው ፊደላችን ነው። በዚህ ላይ ያለው ጉዳት ከሁሉ ያስቃል፤ ከሁሉም ያሳዝናል። እኛ ቃል የምናሳጥረው በዝባዝ መስመር ነው፤ ጽ/ቤት፣ ት/ቤት፣ ወ/ሮ፣ ክ/ከተማ እንላለን። በሚዲያዊኪ ዘንድ ግን ይህች መስመር ንዑስ ገጽ መክፈቻ ናት። ይህ አሠራር በተፈቀደበት የዊኪ ክፍል ‹የካ ክ/ከተማ› ብሎ ገጽ የከፈተ ሰው፣ ‹የካ ክ› ከተባለ ወላጅ ገጽ ሥር ‹ከተማ› የተባለ ልጅ ወልዷል። የንዑስ ገጹን ስም ብቻ አንሥቶ አርእስት የሚያደርግ መለጠፊያ ካለም በገጹ አናት ላይ በደማቁ ‹ከተማ› ተብሎ ይጻፋል። ‹የ2012 ዓ/ም ዕቅድ› ደግሞ ‹ም ዕቅድ› ይሆናል። እንዲሁም የክፍሉን ስም ከገጹ ስም የሚለየው የላቲን ሁለት ነጥብ ነው፤ በአማርኛ የፊደል ገበታ ያንኑ ቁልፍ የነካ ሰው የሚወጣለት ግን የእኛው ‹፡› ነው። ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ ለመኪናው ግን ሁለት ናቸው። መለጠፊያው ሳይጠራ ይቀራል፤ ጀማሪውም ‹ይህ ነገር ለእኔ አይሆንም› ብሎ ይሄዳል። አንድ ጸሐፊ ያጣነው በአንዲት ነጥብ ምክንያት ነው።

የመስመሩም ርቀት እንዲሁ ነው። የላቲን ትንንሽ ፊደላት በመካከላቸው አየር አላቸው፤ የእኛ ፊደል ከላይ እስከ ታች የሞላ ነው። ለእነርሱ የተለካ የመስመር ርቀት ለእኛ ያፍናል፤ በጠባብ ሣጥን ውስጥ ደምቆ ሲጻፍ ‹ጨ›ን ከ‹ጩ› ለመለየት መነጽር ያስፈልጋል። የመጽሐፍን ስም ማጋደልም የእኛ ወግ አይደለም፤ እኛ በትእምርተ ጥቅስ እናከብረዋለን። ይህን ሁሉ ማረም ከባድ ነው የሚል ካለ፣ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ከገባ ስንት ዓመት እንደ ሆነው ይቁጠር። የድረ ገጽ መሥፈርት የሚያወጣው ደብልዩ ስሪ ሲ የዝርዝር ቁጥሮች በ፩፣ ፪፣ ፫ እንዲወጡ የሚያስችል ደንብ አለው፤ ለፊደላችን የገጽ አቀማመጥም ራሱን የቻለ ሰነድ አዘጋጅቷል። መሣሪያው ደጃፋችን ላይ ነው።

አባቶቻችን ይህን ነገር ከእኛ ይልቅ ያውቁት ነበር። ቁም ጸሐፊው ብራናውን ፍቆ ካዘጋጀ በኋላ አንዲት ፊደል ሳይጽፍ ጠርዙን በወስፌ ይወጋል፤ ከነጥብ ወደ ነጥብ ያለ ቀለም ያሰምራል፤ ገጹን በሁለት ወይም በሦስት ዓምድ ይከፍላል። የትኛው ስም በቀይ ቀለም እንደሚጻፍ፣ ሐረጉ ከየት ላይ እንደሚሳል ቀድሞ የታወቀ ነው። ያ መለጠፊያ ነበር፤ ከፊደሉ፣ ከንባቡና ከእምነቱ የተወለደ መለጠፊያ። ኋላ ማተሚያና የጽሕፈት መኪና ሲመጡ ነገሩ ተገለበጠ። የመጀመሪያው የግእዝ መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ በጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ታተመ። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛን የጽሕፈት መኪና ሲያበጁ ከሁለት መቶ የሚበልጡ ፊደላትን በጥቂት ቁልፎች ላይ ማሳፈር ነበረባቸው፤ ለዚህም ፊደሉን ከነቅጥያው መበተን ግድ ሆነባቸው። ቃልን ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብም በጊዜ ብዛት ለባዶ ክፍተት ቦታውን ለቀቀ። እነዚያን አልወቅስም፤ ብረት ነበር የገጠማቸው፤ ብረት ደግሞ አይለመጥም። እኛን የገጠመን ብረት አይደለም። ሚዲያዊኪ ማንም ወስዶ እንዲለውጠው የተፈቀደ ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ መለጠፊያውም ተራ ጽሑፍ ነው፤ ‹አርም› የሚለውን የሚነካ ጣት ብቻ ይፈልጋል።

ለተቃዋሚዎቼ ተገቢውን ክብር ልስጥ። የመጀመሪያው ክርክራቸው ‹እጅ ጥቂት ነው፤ መጀመሪያ ይዘት ይቅደም፤ መልኩ ኋላ ይደርሳል› የሚል ነው። እጅ ጥቂት መሆኑን እኔም አምናለሁ። ይሁን እንጂ የተቀዳውን ቅጽ መሸከም እጅ አይቆጥብም፤ ያባክናል እንጂ። ዛሬ በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ያለ አንድ የጎን ሣጥን ብቻውን አይቆምም፤ ሌሎች መለጠፊያዎችን ይጠራል፤ እነዚያም ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ በሉዋ ቋንቋ የሚጻፉ ሞጁሎችን ይጠራሉ። አንዱን የቀዳ ሰው ዘመድ አዝማዱን ሁሉ መቅዳት አለበት፤ ከመካከል አንዱ የቀረ እንደሆነ በገጹ ላይ ቀይ የስሕተት ጽሑፍ ይፈስሳል። ምንጩ ሲታደስ የተቀዳው ያረጃል። ይህ ብድር ነው፤ ወለዱም ከዋናው ይበልጣል። ይህን የሚላችሁ የባንክ ሰው ነው። በራሳችን እጅ የተጻፉ አምስት ትንንሽ ቅጾች ከአምስት መቶ የተቀዱ ይልቅ ለጥቂት እጅ ይቀልላሉ።

ሁለተኛው ክርክር ‹ከዓለም ጋር አንድ ዓይነት ቅጽ መያዝ መረጃን ለማነጻጸር ይጠቅማል› ይላል። ማነጻጸር የሚቻለው እውነተኛውን መረጃ ነው። የአባትን ስም የልጅ አድርጎ፣ 1923ን ከ1930 ቀላቅሎ የሚሰጥ ገጽ ለዓለም የሚያበረክተው ስሕተትን ነው። በራሱ አቆጣጠር በትክክል የተመዘገበ ቀን ወደ ሌላው አቆጣጠር በስሌት ይመለሳል፤ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ቁጥር ግን ወደ የትም አይመለስም።

በሌላው ወገን ያሉትን ወዳጆቼንም ዝም ብዬ አላልፍም። ቅጹን አገርኛ እናድርግ ሲባል ገጹን በሐረግ ሥዕል ማጨናነቅና እያንዳንዱን ቁጥር በግእዝ መጻፍ የሚመስላቸው አሉ። ብዙው አንባቢያችን የሚያነበው በስልክ ነው፤ ከባድ ሥዕል ጥቅሉን ይበላበታል፤ ሰፊ የጎን ሣጥንም ጽሑፉን ወደ ታች ይገፋበታል። የምጠይቀው ጌጥ አይደለም፤ ልክ ነው።

ልኩም ይህ ነው። የሰው ቅጽ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ማዕረግ፣ የክርስትና ስም ወይም የፈረስ ስም ካለም ይህንኑ ይያዝ፤ ሰውም በራሱ ስም ይደርደር። የቀን ቅጽ አሥራ ሦስት ወር ይኑረው፤ መጀመሪያ ዓመተ ምሕረቱን፣ ቀጥሎ በስሌት የተገኘውን የፈረንጆች ቀን ከነምልክቱ ያውጣ። የቦታ ቅጽ ከሰፈር ይነሣ፤ አስተዳደሩን ከነዘመኑ ያስከትል፤ አንድ ቦታ ከአንድ በላይ መሆን እንደሚችልም ይወቅ። ዝባዝ መስመር በገጽ ስም ላይ አይግባ፤ ክፍለ ከተማም፣ ጽሕፈት ቤትም ሳይታጠፍ ይጻፍ። ከሁሉ በላይ ደግሞ መልስ የሌለው ሣጥን ራሱን ይሰውር። ይህ በመለጠፊያ ቋንቋ የአንድ መስመር ሥራ ነው፤ ‹ካለ አሳይ፣ ከሌለ ዝም በል› ማለት ነው። ያልተጠየቀ ነገር የሌለው ሰው ጎደሎ ሆኖ እንዳይታይ የሚያደርገው ይህች አንዲት መስመር ናት።

በየመሥሪያ ቤታችሁ የቡድን ዊኪ የምታቆሙ፣ በውክፔዲያም በነጻ የምትደክሙ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ አንድ ሺህ ገጽ ከመጻፋችሁ በፊት አንዱን ቅጽ ክፈቱና መርምሩት። ‹ይህ ሣጥን ማንን አስቦ ተሠራ?› ብላችሁ ጠይቁት። እናንተን አስቦ ካልተሠራ አርሙት፤ ማንም አይከለክላችሁም። ላልተማረው ደንበኛዬ ቅጹን የሚያርምለት ሰው የለም፤ እናንተ ግን ብዕሩም ብራናውም በእጃችሁ ነው።

ሣጥኑ ጠበበና ስሜ ተቆረጠ፣
ባዶው ጎልቶ ታየ ሙላቱ አመለጠ፤
ኮርቻ ይታረማል ፈረስ ተለክቶ፣
ማን ፈረስ ይቆርጣል ኮርቻውን አይቶ፤
ስጡኝ አንድ ቦታ እንደ ስም አጠራሬ፣
ጳጉሜንም ሳትቀር ልግባ ከነሰፈሬ።